እሬት፣ ማር፣ ሎሚ ወይስ የፋርማሲ ቅባት? ለብጉርና ለሌላ የቆዳ ችግር የቱን እንምረጥ?

የጥምቀት ሰሞን ነበር። የእህቴ ልጅ ከአዘዞ መጣችና ነጠላዋን ግማሽ ፊቷ ላይ አጣፍታ ቁጭ አለች። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ አላወረደችውም።

«ምነው ሆዴ፣ ብርድ መታሽ እንዴ?» አልኳት።

ቀስ ብላ ገለጠችው። ግራ ጉንጯ ላይ ሁለት ቁስሎች አሉ። ጠርዛቸው በምላጭ የተሰመረ ይመስላል። መሃላቸው ረጥቧል። ቅርጻቸውን ሳይ ወዲያው ገባኝ። ለሁለት የተሰነጠቀ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ነው።

«አክስቴ፣ ቲክቶክ ላይ ነው ያየሁት። ብጉሩ ላይ ለጥፎ ማደር ነው ይላል።»

ለጥፋ አደረች። እንዳይወድቅባት ደግሞ ፕላስተር አድርጋበታለች።

አሁን ሰኔ ገብቷል። ቁስሉ ከዳነ ቆየ። ምልክቱ ግን ጉንጯ ላይ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወራት ከረመ። ያ ብጉር ዝም ቢባል ኖሮ በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥራ አምስት ቀን ይከስም ነበር።

እኔ እዚሁ ጎንደር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። «ለፊት የሚሆን ነገር አለሽ?» የሚለኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። አብዛኛው ወደ እኔ የሚመጣው መጀመሪያ ጓዳውን ሞክሮ ነው። እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ነበርኩ። የጓዳን መድኃኒት አልንቅም፤ አንዳንዱ በእውነት ይረዳል። ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ልዩነቱን የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ ልጆች ፊታቸውን ሲያቃጥሉ ማየት ያመኛል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

አማራጮቹን በሁለት ጥያቄ ነው የምመዝናቸው። አንደኛው «ይሠራል ወይ?» ነው። ሁለተኛው «ባይሠራስ ምን ጥሎብኝ ይሄዳል?» ነው። ለእኛ ቆዳ ሁለተኛው ይብሳል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ፣ ሲቃጠል ወይም ሲቧጠጥ ቀለም አብዝቶ ያመርታል። ብጉሩ ይሄዳል፣ ጥቁሩ ነጥብ ለወራት ይቀመጣል። ፀሐይ ሲጨመርበት ደግሞ ይደምቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ነፋሻ ስለሆነች ፀሐዩ አይታወቀንም እንጂ፣ ቆዳ የሚያጠቁረው ጨረር ከቆላው ይልቅ እዚህ ይበረታል።

መጀመሪያ ስለ ብጉር ራሱ

ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም። ፊታችን ላይ ጸጉር የሚወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ከሥራቸው ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። በጉርምስና ሆርሞን ሲነሳ ወዙ ይበዛል። የሞተ ቆዳ ከወዙ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ድሮም እዚያው የሚኖር ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነት ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል።

ዛሬ ጠዋት መስታወት ላይ ያያችሁት ብጉር ከቆዳ ሥር መሠራት የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው። ስለዚህ የጓዳም ይሁን የፋርማሲ፣ አንድ መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ የሚለየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሲሞከር ነው። «በሦስት ቀን ድራሹን ያጠፋል» የሚል ሲያጋጥማችሁ በቃ እለፉት።

እሬትና ማር

ከጓዳው ሁሉ ፊት ላይ ይደረግ ቢባል መጀመሪያ የማነሳው እሬትን ነው። የኛ ሰው እሬትን የሚያውቀው በመራራነቱ ነው። እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ ጫፉ ላይ ይቀቡታል። ያ መራራ ቢጫ ፈሳሽ ግን ለፊት አይፈለግም፤ ቆዳ ያሳክካል። የሚፈለገው በቅጠሉ ሆድ ውስጥ ያለው፣ ውሃ የመሰለው ዝልግልግ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉን ከሥሩ ቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ስጡት። ቢጫው ይንጠባጠባል። ከዚያ በደንብ አጥባችሁ ልጡን ላጡና መሃሉን አውጡ። ቢጫ ነገር ከቀረበት እንደገና እጠቡት። በመጀመሪያው ቀን ፊታችሁ ላይ አታድርጉት። የክንድ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካላሳከከና ካላቀላ በማግስቱ ፊት ላይ 20 ደቂቃ አቆይታችሁ ታጠቡት። የተረፈው ውጭ ሲያድር ይበላሻል። ፍሪጅ ካለ ለአንድ ሁለት ቀን ይቀመጣል።

ድንጋያማ ዳገት ላይ የሚበቅለው የኛ እሬትና በየቤቱ ማሰሮ ላይ የሚተከለው አንድ ዓይነት አይደሉም። አገራችን ውስጥ ብዙ የእሬት ዓይነት አለ። ጥናት በብዛት የተሠራበት በማሰሮ የሚተከለው ነው። የዱሩን ከሆነ የያዛችሁት ክንድ ላይ መሞከሩን ጨርሶ እንዳትዘሉት።

እሬት ምን ያደርጋል? የተቆጣ ቆዳን ያበርዳል፣ ያረጥባል። ብቻውን የተደፈነ ቀዳዳ አይከፍትም። ጥቁር ራስና ነጭ ራስ ያላቸውን ትንንሽ ብጉሮች አይነቅልም። በተለይ ጥሩ የሚሆነው ከፋርማሲ ቅባት ጋር ነው፤ ቅባቱ የሚያመጣውን መድረቅና መቆጣት ያለዝበዋል። ባይሠራስ? በደንብ ከታጠበ የሚተወው ምልክት የለም ማለት ይቻላል። አንደኛ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

ማርን በተመለከተ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር ይከራከራል። ማር ባክቴሪያ ይገድላል፣ እውነት ነው። ውሃው ጥቂት ነው፣ አሲድነት አለው፣ ሲረጥብ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ለቁስልና ለቃጠሎ ጥሩ ማስረጃ አለው። ለብጉር ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። በ2016 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ካኑካ ከሚባል ተክል የተገኘ ማር በ136 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት ተሞክሮ ነበር። በፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ብቻ ከታጠቡት ሰዎች የተሻለ ውጤት አላሳየም። ከማር ጉዳት አላየሁም። ስኳር የገባበትን ማር መቀባት ግን ፊት ላይ ሽሮፕ ማፍሰስ ነው። ስለዚህ ምርጫ ከሆነ፣ ለቀላና ለተቆጣ ፊት እሬት፣ ተፈንድቶ ለተላጠ ትንሽ ቁስል ንጹሕ ማር። የቀረው ማር ለእንጀራ ይሁን።

ፊት ላይ የማልፈቅዳቸው

ነጭ ሽንኩርት የመጀመሪያው ነው። ሲቀጠቀጥ የሚወጣው ኃይለኛ ነገር ባክቴሪያም ፈንገስም ይገድላል። ቆዳንም እንደዚያው ያቃጥላል። ተሸፍኖ ሲያድር ልክ እንደ ኬሚካል ቃጠሎ ነው። የእህቴን ልጅ ጉንጭ ያያችሁ ያህል ቁጠሩት።

ሎሚ ሁለተኛው ነው። የቆዳ አሲድነት በፒኤች መለኪያ 5 አካባቢ ነው። ሎሚ 2 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ሲታይ ቅርብ ይመስላል፤ መለኪያው ግን ቁጥሩ በአንድ በቀነሰ ቁጥር አሲዱ በዐሥር እጥፍ የሚጨምርበት ነው። ስለዚህ ሎሚ ከቆዳችን ሺህ እጥፍ ያህል አሲድ አለው ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ፀሐይ ነው። በሎሚ ውስጥ፣ በተለይም በኛ ዓይነቷ ትንሿ ሎሚ ልጥ ላይ፣ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ነገር አለ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ፣ ከዚያም ለወራት የሚቆይ ጥቁር መስመር ያመጣል። ሰው «ፊት ያጠራል» ብሎ የሚቀባው ነገር ፊት ሲያጠቁር ማየት ያሳዝናል።

ኮልጌትና ቤኪንግ ሶዳ? ኮልጌቱ ያደርቃል፣ ያሳክካል። ሶዳው የሎሚ ተቃራኒ ነው፤ የቆዳን መከላከያ በሌላኛው ጫፍ ይንደዋል። የልብስ ሳሙናም እንዲሁ። ሦስቱንም ተዉአቸው።

ፌጦም አለ። አንድ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ከመድኃኒት ሻጮቹ ዘንድ ፌጦ ጠየቅኩ። ሻጯ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ጣሳውን እንደያዙ «ለምን ፈለግሽው ልጄ?» አሉኝ።

«ለጭርት ነው፣ እማማ። ጎረቤቴ ታማብኝ።»

«የቱ ላይ?»

«አገጯ ላይ።»

ጣሳውን መልሰው አስቀመጡት። «ፊትማ አይነካም። ፌጦ ሲረጥብ እሳት ነው። ሂጂና ከፋርማሲ ቅባት ግዥላት» አሉኝ። ፋርማሲ እንደምሠራ አልነገርኳቸውም። ያን ቀን ያከበርኳቸው ብዛት! ገንዘቡን መቀበል ይችሉ ነበር። ፌጦ እንደ ሰናፍጭ ነው፤ ተፈጭቶ ሲታሽ የሚያቃጥል ነገር ይለቃል። በምግብ ሌላ ነው፣ በፊት ግን እሳቸው እንዳሉት ነው።

መሃል ላይ ያሉት

ቲ ትሪ የሚባለው ዘይት ከአውስትራሊያ ዛፍ የሚወጣ ነው። ኮስሞቲክስ ቤቶች ይሸጡታል። ከተፈጥሮ መድኃኒቶች መካከል ለብጉር ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ 124 ሰዎች ላይ 5 በመቶ የቲ ትሪ ጄልና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለው የፋርማሲ የብጉር ቅባት (እሱም 5 በመቶ) ተወዳድረው ነበር። ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ። ቲ ትሪው ዘገምተኛ ነበር፤ ማቃጠልና ማድረቁ ግን አነስተኛ ነበር። ልብ በሉ፣ 5 በመቶ ነው። ከጠርሙሱ እንዳለ መቀባት ቆዳ ይልጣል። የተዘጋጀ 5 በመቶ ጄል ካገኛችሁ ጥሩ። ካልሆነ አንድ ጠብታ ለ20 ጠብታ ያህል የእሬት ጄል። ከተከፈተ ብዙ ጊዜ የሆነው ጠርሙስ አለርጂ ያስነሳል፣ አትጠቀሙበት። መጠጣት ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም።

ጥቁር አዝሙድ በኛ ቤት ለሁሉም ነገር ነው። ዘይቱ እብጠት የሚቀንስና ባክቴሪያ የሚገታ ባሕርይ አለው። ለብጉር የተሠሩት ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው። አንዳንድ ሰው ላይ ሽፍታ ያስነሳል። ክንድ ላይ ሞክራችሁ፣ አቅጥናችሁ ከሆነ አልከለክልም።

እርድ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ነው። የማየው ትልቁ ውጤት ቢጫ ፊትና ቢጫ ትራስ ነው። ተፈጭቶ የሚሸጠው ውስጥ ሌላ ነገር ሊቀላቀል ስለሚችል ለተቆጣ ፊት አልመርጠውም።

ከፋርማሲው መደርደሪያ

በተፈጥሮ መድኃኒት ጽሑፍ ውስጥ ይህን ማስገባቴ ቅር የሚለው ይኖራል። ማነጻጸር ከሆነ ግን ሁለቱም ሚዛን ላይ መውጣት አለባቸው።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ ይመጣል። ሰው ሁሉ 10ሩን ይፈልጋል፤ «ጠንካራውን ስጭኝ» ይለኛል። 2.5ቱ ግን ለብጉር ከ10ሩ ጋር ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል፣ ቆዳ ማቃጠሉም ያንሳል። በትንሹ ጀምሩ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ይህ ቅባት ቀለም ያለው ጨርቅ ያነጣል። ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፣ የነጠላ ጥለት ላይ ነጭ ነጥብ ቢያወጣ እንዳትደነግጡ።

አዳፓሊን 0.1 በመቶ የተደፈነ ቀዳዳ ይከፍታል። ማታ ማታ የአንድ አተር ፍሬ ያህል ለሙሉ ፊት ይበቃል። ብጉሩ ላይ ብቻ መንካት አይደለም፣ ገና ያልወጣውን ነው የሚከላከለው። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ከዚያ ቆዳው ሲለምድ በየቀኑ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ሊላጥና ብጉሩ ትንሽ ሊብስ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ለምታስብ ሴት አይሰጥም። ሳሊሲሊክ አሲድ 2 በመቶ ደግሞ ለጥቁር ራስ ብጉር ቀለል ያለ አማራጭ ነው።

ትልልቅ፣ የሚያሙ፣ ከቆዳ ሥር እንደ ጠጠር የሚዳሰሱ ብጉሮች ካሉ እሬትም አዳፓሊንም አይበቃም። እነሱ ጎድጓዳ ጠባሳ ይተዋሉ። ጊዜ ሳታባክኑ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሴት ሆና የወር አበባዋ የሚዛባባት፣ አገጯ ላይ ጸጉር የሚበዛባትም እንዲሁ፤ የሆርሞን ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ስለ ምግብ ይጠይቁኛል። ስኳር የበዛባቸው ነገሮች ብጉር እንደሚያባብሱ ማስረጃ አለ። ወተትም በአንዳንድ ሰው ላይ ይያያዛል። «ሁዳዴ ሲገባ ፊቴ ይጠራል» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ለስላሳ መጠጥን ለሁለት ወር ትቶ ማየት ምንም አያስከፍልም።

የፀጉር ቅቤ

ይህ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ብዙ ሴቶች ግንባራቸው ላይ፣ ከጸጉራቸው መስመር ጀምሮ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የደቀቀ ሽፍታ ይዘው ይመጣሉ። ጉንጭና አገጫቸው ንጹሕ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ጸጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ?» ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ቅቤ ነው። ቅቤው ፀሐይ ሲመታው ይቀልጥና ወደ ግንባር ይወርዳል። ሌሊት ትራሱ ላይ ይቀራል፣ ከትራሱ ደግሞ ወደ ጉንጭ። ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ቫዝሊንና የኮኮናት ዘይት ከጸጉር ሲወርዱም ያው ነው።

ቅቤ ተዉ አልልም። ሹሩባ ያለ ቅቤ ምን ሹሩባ ነው! ግን ከግንባር መስመር ሁለት ጣት ያህል ራቁ። ጸጉራችሁን በሻሽ አስራችሁ ተኙ፣ ግንባራችሁን ግን አትሸፍኑት። የትራስ ልብስ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩ። በዚህ ብቻ፣ ምንም ሳይገዙ፣ በሁለት ወር ግንባራቸው የጠራ ሴቶች አይቻለሁ።

ብጉር ካልሆነስ?

የተሳሳተ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሽታውን ካለመለየት ነው።

ድርቀትና ችፌ ከሆነ ወዝ ነው የሚያስፈልገው። እዚህ ተራ ቫዝሊን ያሸንፋል። ገላ ታጥባችሁ ቆዳው እርጥብ እንዳለ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መቀባት ነው ምስጢሩ። ንጹሕ የኮኮናት ዘይትም ለደረቅ ገላ ጥሩ ነው፤ ብጉር ለሚያወጣ ፊት ግን አይሆንም። ቅቤ ለተሰነጠቀ ቆዳ አልመርጥም፤ ይሻግታል፣ ጀርምም ይይዛል። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ችፌ ላይ ማድረግ ማሰቃየት ነው።

ጭርት ክብ ነው፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሃሉ የሚጠራ፣ የሚያሳክክ። ፈንገስ ነው። ገጠር የብሳና ፈሳሽ ይቀባል። አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ይቃጠላል። ክሎትሪማዞል 1 በመቶ በቀን ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ርካሽም አስተማማኝም ነው። ምልክቱ ሲጠፋ ወዲያው አታቁሙ፣ አንድ ሳምንት ጨምሩበት። የልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር ግን ቅባት አይገባውም። ፈንገሱ ጸጉሩ ውስጥ ስለሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ከሐኪም ያስፈልገዋል።

ቋቁቻ ደረትና ጀርባ ላይ ነጣ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ነጥብ ነው። ሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ መሳይ ፈንገስ ሲበዛ ይመጣል። ከንጽሕና ጉድለት አይደለም፣ ልጆችን በዚህ አታሳፍሯቸው። የኬቶኮናዞል ሻምፖ ገላ ላይ 5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ፣ ለጥቂት ቀናት። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ነጩ ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። «አልሠራም» ብላችሁ ወደ ሌላ ነገር አትዝለሉ።

እከክ ሌሊት ነው የሚብሰው። በጣቶች መሃል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ ዙሪያ። ጥቃቅን ተባይ ነው፣ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልላችን ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እዚህ ላይ የጓዳ መድኃኒት ጊዜ ያባክናል። ፐርሜትሪን 5 በመቶ ወይም ቢቢኤል (ቤንዚል ቤንዞኤት ሎሽን) ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀባ፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም። ልብስና አንሶላውን በፈላ ውሃ።

ማድያት በእርግዝና፣ በወሊድ መከላከያና በፀሐይ ይመጣል። ሎሚም እርድም አያነሳውም፤ ሎሚማ ያባብሰዋል። ቀዳሚው መድኃኒት ጃንጥላና ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ነው።

እጅና ፊት ላይ በሚወጣው ኪንታሮት የቁልቋል ወተት የሚያንጠባጥቡ አሉ። እባካችሁ አታድርጉ። አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ ከገባች ብርሃን ልትነካ ትችላለች።

ስም የሌለው ቅባት

ከሎሚም ከነጭ ሽንኩርትም በላይ የምፈራው ይህን ነው። ምንም ጽሑፍ በሌለበት ትንሽ ዕቃ ተሞልቶ «የተፈጥሮ ነው፣ ፊት ያጠራል» ተብሎ ይሸጣል። አንዲት ሴት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸት። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቷ እንደ መስታወት ጠርቶላት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ጉንጯ ላይ የደም ሥሮቿ ይቆጠራሉ። ልታቆመው ስትል ፊቷ በሽፍታ ይሞላል። ስለዚህ መልሳ ትቀባለች።

ይህ የስቴሮይድ፣ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት፣ ባሕርይ ነው። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የሚባሉት በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ቀን፣ ለተወሰነ በሽታ ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳ ያሳሳሉ፣ ብጉር ያበቅላሉ። ጭርት ላይ ሲቀቡ መልኩን ደብቀው ያስፋፉታል። ከነሱ ጋር ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን፣ ኩላሊት የሚጎዳው ሜርኩሪም ሊቀላቀል ይችላል። ዝርዝሩ ያልተጻፈበትን ቅባት አትግዙ። ስትጠቀሙ ከቆያችሁ ደግሞ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስወጣችኋል።

የማይድን እብጠት ካለ

በጎንደር ዙሪያ ደጋ አካባቢ ቁንጭር የሚባል በሽታ አለ። በሕክምና የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ይባላል። ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ ይተላለፋል፤ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማ አካባቢ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ነው የሚወጣው፤ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ጆሮ። መጀመሪያ ብጉር ይመስላል። ግን አያምም፣ አይከስምም፣ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ቅርፊት ያበጃል። ከወር በላይ የቆየ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ፣ በተለይ ልጆች ላይ፣ ቅጠል እየቀያየራችሁ ጊዜ አትፍጁ። የሚተወው ጠባሳ የዕድሜ ልክ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው።

ስሜት የሌለው የነጣ ቆዳ ካለም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል። ጠበል የምትጠመቁ ከሆነ ተጠመቁ፤ ኪኒናችሁንና ቅባታችሁን ግን አታቋርጡ።

እኔ ብሆን

ጥቂት፣ ቀላል ብጉር ከሆነ ፊቴን በቀን ሁለቴ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እታጠባለሁ። እሬት በሳምንት ሦስቴ። ቅቤዬን ከግንባሬ አርቃለሁ። በ8 ሳምንት ለውጥ ካላየሁ 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም አዳፓሊን እጨምራለሁ፤ እሬቱን ለማለዘቢያ አስቀረዋለሁ። ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ደግሞ ማርም እርድም አልገዛም፣ ቤንዞይሉን እገዛለሁ። ጥቁር ምልክት ካለብኝ የፀሐይ መከላከያ፣ እሱ ከሌለ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ። ብጉር በጥፍር አላፈነዳም፤ ከሁሉም ይልቅ ምልክት የሚያበዛው ይሄ ነው።

የእህቴ ልጅ ቁስሏ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው ቤንዞይሉን ያስጀመርኳት። ባለፈው እሑድ መጣች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። የጉንጯ ምልክት ከአተላው ወደ ሻይ ቀለም ሳስቷል። «አክስቴ፣ አሁንም አገጬ ላይ ሁለት አሉ» አለችኝ። ስልኳን አውጥታ ቀኖቹን ቆጠረችልኝ። የትራሷን ልብስ በነጭ ቀይራዋለች፤ አበባ አበባ ያለበት የድሮው መሃሉ ነጥቶ ተበላሽቷል። 8ኛ ሳምንቷን ጨርሳለች። አራት ይቀራታል።